አክስቴ ቡሬ ገበያ ላይ የሰማችው ሸክላ

እስኪ ሳልቆጣ ልጀምረው። ይህን ነገር ላወራ ስነሳ ሁልጊዜ እንዲህ እላለሁ፤ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ግን ደሜ ይፈላል። ሚስቴ "ኧረ በቃህ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ትቆጣለህ?" ትለኛለች። ምን ላድርግ? እርጅና ጉልበቴን ወሰደው እንጂ ንዴቴን አልነካውም። በማን ላይ ነው የምትቆጣው ካላችሁኝ፣ ግማሹ በአንድ የአዲስ አበባ የዘፈን ሸክላ ነጋዴ ላይ ነው፤ ግማሹ በዘፈኔ በሚጨፍር ሰው ሁሉ ላይ ነው፤ የቀረው በራሴ ላይ ነው። ሁለት ግማሽ ከተነሳ ወዲያ ደግሞ ምን ይቀራል አትበሉኝ። ቀርቷል፣ ትልቁም እሱ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ስድሳዎቹ ገና የገቡበት፣ የጎጃም ገበሬና መንግሥት በግብር ተጣልተው ገና በወጉ ያልታረቁበት ጊዜ ነበር። መንደራችን ከቡሬ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ናት፤ ብር ወንዝ በታቿ ያልፋል። አባቴ ገበሬ፣ አያቴ ገበሬ፤ ከዘራችን ማሲንቆ የነካ የለም። እኔ ግን አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ወርጄ አያ እንየው የሚባል አዝማሪ ሲጫወት ሰማሁና እዚያው ቀረሁ። አባቴ "ልጅህ አዝማሪ ሆነ ከሚሉኝ ሞተ ቢሉኝ በተሻለኝ" ማለቱን ሰው ነገረኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አራት ዓመት ከአያ እንየው ጋር ሠራሁ። አውጪው እሱ፣ ተቀባዩ እኔ። ግጥሙን የምገጥመው ግን እኔ ነበርኩ። ጠጅ ቤት የተቀመጠው ሰው በኔ ግጥም አንጀቱ ሲርስ "እንየው፣ እጅህ ይባረክ" ይላል፤ እኔ ከግድግዳው ተጠግቼ ቆሜ ደግሞ የሚቀጥለውን አስባለሁ። ስሜን የሚጠራ አንድ ሰው አልነበረም። "ያ የእንየው ልጅ" ነበር የምባለው፤ ልጁም አልነበርኩ። እንግዲህ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሸክላ አሳታሚ ነጋዴ አንድ ምሽት ሰማንና ሲወጣ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ግጥሙ ያንተ መሆኑ ገብቶኛል፣ ብቻህን ና፣ ሸክላ ላይ ስምህን ጽፌ አወጣሃለሁ አለኝ። ስምህን ጽፌ ያላት ነገር ናት የገደለችኝ። ከአያ እንየው ጋር ተጣልቼ፣ ተራግመን፣ ማሲንቆዬን አንግቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሷ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፣ የሻረግ ትባላለች። እኔ "እታለም" ነው የምላት። እናቴ እኔን ወልዳ ስትታመም ከልጇ ከአበጀ እኩል ጡት ያጠባችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ አንቱ የምላት አክስት ሳትሆን አንቺ የምላት እናቴ ነበረች። አበጀና እኔ አብረን አደግን። ጭፈራ የሚወድ፣ ሰርግ ቤት ከገባ ሳያልበው የማይወጣ ልጅ ነበር። እኔ ሸክላ ከማስቀረጼ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ፣ በሬ እየነዳ ብርን ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። በሬው ዋኝቶ ማዶ ወጣ። እኔም ወሬው ደርሶኝ ከፍኖተ ሰላም መጣሁ፤ አበጀን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ከቋጥኝ ሥር አገኘነው።

እታለም በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለሰው ሁሉ ሙሾ የምታወርድ ሴት ናት፤ ለልጇ ግን ሌላ ሰው አፍ እንዲያነሳ አልፈቀደችም። ራሷ ገጠመችው፣ ራሷ አወረደችው። እኔ ግጥም አንዴ ከሰማሁ አይጠፋኝም፤ ይህ እርግማኔ ነው። ከውስጡ አራቱ ስንኞች እነዚህ ናቸው፦

በሬው ተሻገረ፣ ዋኝቶ ወጣ ማዶ፤
አበጀ ብቻውን ቀረ ወንዙን ወዶ።

በሩን እንዳትዘጉ፣ መምጣቱ አይቀርም፤
አበጀ ቢመሽበት ከደጅ አያድርም።

በዚያ ለቅሶ ላይ የቆመ ሰው እስከ ዛሬ አልረሳውም። በኛ መንደር ደግሞ የአንድ ቤት ሙሾ እንዲሁ አይነሳም። ለሟቹ እስከ ተዝካሩ ይለቀስበታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ዳግመኛ የሚነሳው ከዚያው ቤት ሌላ ሰው የሞተ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ የፊተኛው ሟች ስም ይወጣና የአዲሱ ሟች ስም ይገባበታል። ይህን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

ወደ አዲስ አበባው ልመለስ። ሸክላ ሁለት ፊት አለው፤ በያንዳንዱ ፊት አንዳንድ ዘፈን ይገባል። እኔ ሁለት ዘፈን አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁለቱም የራሴ። አንዱ የመከር ጊዜ ፍቅር ነው። ሁለተኛው ስለ ግብር ገማቾች ነበር፤ ሰብል ሳያዩ ጎተራ የሚለኩትን ሰዎች ልክ ልካቸውን የነገርኩበት። የመጀመሪያውን ቀረጽን፣ ሸጋ ሆነ። ሁለተኛውን ስጀምር ነጋዴው እጁን አውለብልቦ አስቆመኝ። ይሄን አሳትሜ እስር ቤት ልግባልህ እንዴ፣ ሌላ አምጣ አለ። ሌላ የለኝም አልኩት። የመቅረጫው ሰዓት እያለቀ ነው፣ ሌላ ከሌለህ ሸክላው ይቀራል አለኝ።

ይቀራል። አራት ዓመት ከግድግዳ ተጠግቼ ቆሜ፣ ከጌታዬ ጋር ተራግሜ፣ አባቴን አሳፍሬ፣ ይቀራል። የማደርገው ጠፋኝና አንገቴን ደፍቼ ሳስብ የመጣልኝ የእታለም ዜማ ነው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም ብል እውነቴን ነው፤ ግን ሌላ ነገር አልፈለግኩም ብልም እውነት ነው፤ ከዚያ ዜማ የሚበልጥ ዜማ እንደሌለ አውቅ ነበርና።

እንዴት አድርጌ ራሴን እንዳሳመንኩ ስሙኝ፣ ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ብልህ እንደሚሆን። ሙሾን ሙሾ የሚያደርገው የሟቹ ስም ነው አልኩ። ስሙ ከወጣ ሙሾነቱ ይቀራል፣ ግጥም ብቻ ይሆናል፣ ግጥም ደግሞ የሰው ሁሉ ነው። አበጀ በሚለው ቦታ "አካሌ" ብዬ ከተትኩበት። ልክ ገባ። አካሌ ብቻውን ቀረ ወንዙን ወዶ። አካሌ ቢመሽበት ከደጅ አያድርም። ወዲያው የፍቅር ዘፈን ሆኖ ቁጭ አለ። ነጋዴው ከወንበሩ ተነሳ። ከበሮ መቺ ጠራ፣ ሁለት ሴቶች ጠራ፣ አጨብጭቡ፣ በየመሃሉ እልል በሉ አላቸው። የአበጀን ለቅሶ በእልልታ ቀረጽነው። ሸክላው መሃል በሚለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ስሜ ይጻፋል ብዬ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ።

ሸክላው ባሕር ማዶ ታትሞ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ኅዳር ላይ አንድ ካርቶን ተሰጠኝና በአውቶቡስ ይዤ ወረድኩ። በየኬላው አንዱን አውጥቼ አየዋለሁ። ይሁኔ ይላል፣ ከነአባቴ ስም። አባቴ ማንበብ አይችልም እንጂ ቢችል ይታረቀኝ ነበር እያልኩ እመኛለሁ።

ቡሬ የደረስኩት ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። የወይዘሮ ጥሩሰው ጠጅ ቤት ከበርበሬ ተራው ፊት ለፊት ነበር፤ ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት በባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ገዝታ፣ ድምፅ ማጉያውን በበሯ ላይ ሰቅላ፣ ገበያተኛውን በሱ ትጠራለች። ልገባ ስል አንድ የመንደራችን ሰው መንገድ ላይ አገኘኝ። ሰላምታ ተለዋውጠን ስንጨርስ እታለም እዚሁ ገበያ መሆኗን ነገረኝ። ትንሹ ልጇ ፈንቴ፣ አሁን ያለው ብቸኛ ልጇ ማለት ነው፣ በንዳድ ከወደቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ዛሬ ጠዋት ትታው ስትወጣ ሰው አይለይም ነበር፤ በርበሬዋን ሸጣ ኪኒን ልትገዛለት ነው የመጣችው አለኝ። ሄጄ ላያት አስቤ ነበር። ኋላ እደርሳለሁ አልኩ፤ መጀመሪያ ሸክላዬ ይሰማ።

ለወይዘሮ ጥሩሰው ሸክላውን ስሰጣት፣ ፊቱን ብቻ አጫውቺ፣ ጀርባውን አደራሽን እንዳታጫውቺ ብዬ ነገርኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችም፣ እሺ አለች። የመከሩ ዘፈን ሲወጣ ቤቱ ሞላ። ሰው ከገበያው እየተሳበ መጣ። ይሄ የኛ አገር ልጅ ነው፣ ያ ከእንየው ጋር ይጫወት የነበረው ነው ተባባሉ። "ይሁኔ ነው፣ ይሁኔ" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ሰው ሲጠራ ምን እንደሚሆን እናንተ አታውቁም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ ያደረግኩት በዚያች ስካር ነው፤ ጠጅ አልቀመስኩም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጎረምሶቹ "ገልብጪው" አሉ። ወይዘሮ ጥሩሰው ወደኔ ተመለከተች። እንቢ በይ ማለት ነበረብኝ። መርፌውን ሄጄ ማንሳት ነበረብኝ፤ ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ትከሻዬን አቅፎ ስሜን እየጠራ ነበርና አልተንቀሳቀስኩም። ገለበጠችው።

በበርበሬ ተራ የሆነውን ያኔ አላየሁም፤ በኋላ አብረዋት ከነበሩት ሴቶች ነው የሰማሁት። እታለም ለገበያተኛ በርበሬ እየሰፈረች ነበር። ዜማው ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ እጇ ቆመ። ሴቶቹ ሁሉም ያን ሙሾ ያውቁታል፣ ሁሉም አበጀን አልቅሰዋል። ሸክላ የሚባል ነገር በወሬ ሰምተው ይሆናል እንጂ ዘፈን ከሰው አፍ ውጭ ሊወጣ እንደሚችል ማን ነገራቸው? ከመንደር የመጣ ሰው ሙሾ አነሳ ነው ያሉት። ከበሮውንና ጭብጨባውን በገበያው ጫጫታ መሃል አልለዩትም። ድምፁ የኔ መሆኑን እታለም አውቃለች። እንግዲህ ጆሮዋን ጥላ የጠበቀችው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን። አበጀ የሚለው ቦታ ሲደርስ አበጀ አላለም። አካሌ አለ። እናት ልጇን አካሌ ትላለች።

ስሙ ወጥቷል ማለት ሌላ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ ቤት የቀረው ደግሞ አንድ ፈንቴ ነው።

በርበሬው እንደተበተነ ቀረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ተነሱ። እታለም ከፊት ነበረች። ከበርበሬ ተራ እስከ ጠጅ ቤቱ በር ያለው መንገድ አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ በዚያች መንገድ ላይ ፊቷን በጥፍሯ ነጨችው፤ የበርበሬው አቧራ ከጣቷ አልጠፋም ነበር።

እኔ ከውስጥ ነኝ። ቤቱ በእስክስታ ይናወጣል። መጀመሪያ የሰማሁት ከበር በኩል የመጣ ዋይታ ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው እልልታ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ተገፍተው ተከፈሉ። እታለም ገባች። ጉንጮቿ ላይ ደም አለ፣ ነጠላዋ ላይም ወርዷል። ከኋላዋ ስድስት ሰባት ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። ከፊታቸው ደግሞ ጎረምሳ ሁሉ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ይጨፍራል። ሸክላው መዞሩን አላቆመም። በሩን እንዳትዘጉ፣ መምጣቱ አይቀርም ይላል የኔው ድምፅ።

ጭፈራውን አላየችውም። እኔን ብቻ ነው ያየችው። መጥታ ሁለት እጄን ያዘች።

"ይሁኔ" አለችኝ፣ "መቼ ሞተ?"

"ማን?"

"ልጄ ነዋ። ፈንቴ። አንተ አይደለህ የምታወርድለት?"

"ፈንቴ አልሞተም እታለም።"

"ታዲያ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ዙሪያዋን ያየችው። ወይዘሮ ጥሩሰው መርፌውን አነሳች። አንድ ጎረምሳ ብቻውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጨብጭቦ ቆመ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ይሄ የአበጀ ለቅሶ አይደለም ወይ፣ በለቅሶ ነው የምትጨፍሩት ብላ መጮህ ጀመረች። ጠጅ ቤቱ ሙሉ ወደኔ ዞረ። ቅድም ስሜን የጠራው አፍ ሁሉ አሁን ሊሰድበኝ ተከፈተ። እኔ ምን አደረግኩ? እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ ተቆጣሁ። በሰው ፊት ስላዋረደችኝ ተቆጣሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይሄ ሙሾ አይደለም፣ ዘፈን ነው፤ የኔ ዘፈን ነው" አልኳት።

ያችን ቃል ዛሬ ብመልሳት ማሲንቆዬን ከነጣቴ እሰጥ ነበር። እታለም እጄን ለቀቀች። ዞራ ወጣች።

ወደ ቤቷ ነው የሄደችው። ፈንቴ አለ ብትባልም ካላየችው የምታምን አልነበረችም፤ አንዴ ተለቅሶበታል። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ እየሮጠች ስትወርድ ሴቶቹ ተከተሏት፣ እኔም ካርቶኔን እዚያው ጥዬ ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱን ሙሉ በልቤ እሟገት ነበር። ማን ሩጪ አላት? ሰው ጠይቆ አይረዳም? ሸክላ ምን እንደሆነ አለማወቋ የኔ ጥፋት ነው? እንዲህ እያልኩ ሄድኩ። ደግሞ ወዲያው ያ የመንደራችን ሰው፣ ሰው አይለይም ነበር ያለኝ ትዝ ይለኛል፤ እውነትም ቢሞትስ? እሷ ገበያ ውላ፣ እኔ ገበያ ውዬ፣ እሱ ብቻውን ቢሞትስ? ጌታ ሆይ ይህን አታድርግብኝ እያልኩ፣ ከዚያ ደግሞ በሷ እየተቆጣሁ፣ እንዲሁ ስገለባበጥ መንደር ደረስን።

ፈንቴ ከደጃፉ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ላብ ወጥቶለት ንዳዱ ለቆት ጎረቤት አጥሚት እያጠጣችው ነበር። እናቱን ከነደሟ፣ ሴቶቹን ከነለቅሷቸው ሲያይ አጥሚቱን ከአፉ አራቀ። "ማን ሞተ?" አለ እሱም። እታለም አጠገቡ ተንበርክካ ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ ጉልበቱን፣ እግሩን እየነካካች ለብዙ ጊዜ ቆየች። ሴቶቹ ያነሱትን ለቅሶ የት እንደሚያደርሱት ቸግሯቸው አጥር ሥር ተቀመጡ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ፤ ግባ ያለኝ የለም።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ቄስ ልሳነወርቅ ሽማግሌ ሰብስበው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጡን። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በሕይወት ያለ ልጅ ተለቅሶበታል፣ እናቱ ፊቷን ነጭታለች፤ ሰው ሟርት ነው ይላል። እኔ ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስመክር አድሬ፣ ሸክላዎቹን በሙሉ በድንጋይ ልሰብር፣ ለካሳ በግ ልሰጥ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ቆርጬ ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች ብዬም አስቤያለሁ። ቄሱ "ልጄ ሆይ፣ ምን ትላለህ?" ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቂ ነው የሚሉ መሰሉ። ከዚያ ቄሱ ወደ እታለም ዞረው ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

ፊቷ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሸክላው ምን አደረገኝ አባቴ?" አለች። "ጭፈራውም ግድ የለኝም። አበጀ ጭፈራ ይወድ ነበር፤ በሱ ነገር ሰው ቢጨፍር አጥንቱ ባልተከፋ። እኔ ይሁኔን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጄን የት ጣልከው?"

አልገባኝም።

"ስሙን" አለችኝ። "ያንን ቃል ሁሉ የደረደርኩት ስሙን ላስቀምጥበት ነው። ስሙን አውጥተህ ጣልክና ቤቱን ወሰድክ። አበጀ ብትል ኖሮ አበጀ ነው ብዬ እዚያው በርበሬዬ ላይ አለቅስ ነበር። ያስሮጠኝ ስሙ ነው፣ ስላጣሁት። ምን አድርጎህ ነው ያወጣኸው? ጡት ተሻምቶህ ነው?"

ስም ከወጣ ሙሾ አይደለም ያልኩት ብልሃቴ ሁሉ አፌ ውስጥ አለቀ። የኔ ስም እንዲጻፍ የሱን ስም አወጣሁት ብዬ እንዴት ልናገር? ግን እሷ አውቃዋለች፣ ቄሱም አውቀውታል፣ አንዱ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። ቄስ ልሳነወርቅ ፍርዱን ሲሰጡ አልዘገዩም። ሸክላ መስበር አያስፈልግም፣ በግም ይቅር፤ ሂድና ስሙን መልሰህ ና አሉኝ።

ሄድኩ። ነጋዴውን አዲስ አበባ፣ ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። ሁለተኛውን ፊት ደግመን እንቅረጽ፣ አካሌ በሚለው ቦታ አበጀ ይግባ፣ ያለዋጋ እዘፍንልሃለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ያለዋጋ እዘፍንልሃለሁ አልኩት። ሳቀ። የሚሸጠው እኮ እሱ ፊት ነው አለኝ። ሰው እሱን ፈልጎ ነው የሚመጣው። ሁሉም የራሱን አካሌ እያሰበ ይሰማዋል። "አበጀን ማን ያውቀዋል?" አለኝ። እንደዚሁ ነው ያለኝ፣ ቃል አልጨመርኩም። ጠረጴዛውን ከነሸክላው ገለበጥኩበት። ሦስት ቀን ጣቢያ አደርኩና ወጣሁ፤ ዘፈኑ ግን ከኔ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ይጮሃል፣ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ይጮሃል።

እታለም ባዶ እጄን መመለሴን ሰምታ አልተቆጣችም፣ ያው እኔው ነኝ የምቆጣው። በል በአፍህ መልሰው አለችኝ። እኔም በአፌ ለመመለስ ተነሳሁ። ከዚያ ጀምሮ በየሰርጉ፣ በየጠጅ ቤቱ፣ ያን ዘፈን በጠሩ ቁጥር ከነስሙ ዘፈንኩት። ሌላ ሸክላ አላስቀረጽኩም፤ ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። ከእታለም ጋር ታርቀናል፤ ፈንቴም አለ፣ የልጅ ልጅ አይቷል፣ ተለቅሶልኝ የኖርኩ ሰው እኔ ብቻ ነኝ እያለ ይቀልዳል።

ግን አንድ ሰው በአፉ ሸክላን አይቀድምም። ሸክላው ካሴት ሆነ፣ ካሴቱ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ሆነ፤ ልጆች በስልካቸው ይዘውት አይቻለሁ። እታለም ካረፈች በኋላ ነው፣ ፍኖተ ሰላም አንድ ሰርግ ላይ አስጠሩኝና ዘፈንኩት። አበጀ ብቻውን ብዬ ሳልጨርስ፣ ሱፍ የለበሰ አንድ ሚዜ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና፣ በትሕትና፣ "አባቴ ተሳስተዋል፤ አካሌ ነው የሚለው" አለኝ። የኔን ዘፈን ለኔ አረመልኝ። እሱ የሚያውቀው አካሌን ነው፤ ያን ልጅ ማን ይቆጣል? ማሲንቆውን አስቀምጬ ወጣሁና አጥር ሥር ቆሜ በራሴ ላይ ስቆጣ አመሸሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዘፈኑን ታውቁታላችሁ። ጨፍራችሁበታል፣ ልጃችሁን ድራችሁበታል፣ ምናልባት የወደዳችሁትን ሰው አስባችሁበታል። አልነጥቃችሁም፤ እሷም ጨፍሩ ብላለች። አንድ ነገር ግን ስሙኝ። አካሌ የሚለው ቦታ ላይ የነበረው የሰው ስም ነው። ሰውዬው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ብር ወንዝ ወሰደው፣ እኔ ደግሞ ከእናቱ አፍ ላይ አወጣሁት። እዚያ ቦታ ስትደርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አበጀ በሉ። አበጀ ነው የሚባለው።